የአባትሽ ትንፋሽ

ልጄ ይርጋለም፣ የጌታ ሰላም ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ድረስ ይድረስሽ። ጉለሌ ብርዱ በርትቷል። አባትሽ ታሞ ተርፏል፤ አትደንግጪ።

ኢንሱሊኑ ከመድኃኒት ቤት ጠፍቶ ሰንብቶ፣ ሐሙስ እቤታችን ለጸሎት ተሰብስበን ሳለ ስኳሩ ተነሣበት። እንደ ሮጠ ሰው በረጅሙ ይተነፍስ ጀመር፤ ምላሱ ተሳሰረ፤ ትንፋሹም እንደ በሰበሰ ሙዝ ሸተተ። ጠላ እንኳ ቀምሶ የማያውቀውን ሰው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ወንድም ላቀው ጠጋ ብሎ አሸተተውና «ጠጥቷል» አለ። «ባሌን ኢታናን አታውቁትም?» ብል የሰማኝ የለም፤ ሁሉም መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ወጣ። ከጎረቤት ጋር ተሸክመን ጳውሎስ ሆስፒታል አደረስነው።

ነርሷ ጎንበስ ብላ እንዳሸተተችው «መጠጥ አይደለም፤ ከስኳሩ የተነሣ ደሙ አሲድ ሆኗል» አለች። ሐኪም ጠርታ መርፌውን ወጋችው፣ ውሃ በደም ሥሩ ሰቀለችለት፤ አፉን እያረጠበች፣ ትንፋሹን እየቆጠረች ከአጠገቡ አልጠፋችም።

ትናንት ወንድም ላቀው ሊጠይቀው መጣና «ይቅር ብለንሃል» አለው። አባትሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እባክሽ፣ አንቺም ነርስ ነሽና፣ ያ ሽታ ከምን እንደሚመጣ በግልጽ አማርኛ ጻፊልኝ፤ ሐሙስ አነብላቸዋለሁ። የሚስቱን ቃል አላመኑም፤ የነርስ ቃል ያምኑ ይሆናል።

ጌታ እጅሽን ይባርክ። አፉ የሸተተ በሽተኛ ሲመጣልሽ፣ አንቺ እንኳ አትሽሺው።

እናትሽ ደሳለች