ደጋኑን የተወ ቀኝ እጅ

አቶ ሄልጌ ሉንድቦም ከአባታቸው ከአቶ ኒልስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤልፍሪዳ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1946 በደቡብ ስዊድን፣ ሶንድሁል በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ተወለዱ። ሰባት ዓመት እዚያው ተምረው የአባታቸውን ጀልባ ተረከቡ፤ ቫዮሊኑን ግን ከአያታቸው ወረሱ። በአካባቢያችን ሙሽራ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ፊት ፊት እየተጫወቱ የሚወስዷት እርሳቸው ነበሩ። በ1971 ወይዘሮ ጉንቮርን ሲያገቡ እንኳ ሌላ ቫዮሊን ተጫዋች አላምንም ብለው የገዛ ሙሽራቸውን ራሳቸው አጀቡ። ይህን የምጽፈው እኔ፣ ብሪታ፣ አንድ ልጃቸው ነኝ።

በ1981 መኸር መረብ ሲጎትቱ ወድቀው የቀኝ እጃቸው አንጓ ተጎዳ። ሐኪም ዘንድ አልሄዱም። በእኛ ጠረፍ ወለምታ የሚታሰረው በባሕራችን በሚጠመደው፣ እባብ በሚመስለው ረጅም ዓሣ ቆዳ ነው። አያቴ አሰሩላቸው፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ሁላችንም ዳነ አልን። ውስጥ የተበጠሰው ጅማት ግን አልዳነም፤ የአንጓው ትንንሽ አጥንቶች ተለያይተው ከሃያ ዓመት በላይ ሲፋጩ ኖሩ። በዚያ ቆዳ እስከ ዛሬ እበሳጫለሁ።

በ2004 እናቴን ስትሮክ መታቸው፤ ግራ ጎናቸው ሽባ ሆነ። አባቴ ከአልጋ ሊያነሷቸው ሲሞክሩ ሕመሙ እጃቸውን ያስለቅቃቸው ጀመር። የቀዶ ጥገና ሐኪሟ ያለውን አማራጭ ዘረዘሩላቸው፦ ሕመም የሚያደርሰውን ነርቭ መቁረጥ፤ ወይም ከአንጓው ሦስት አጥንት ማውጣት፤ ወይም አንዱን አውጥቶ አራቱን ማጋጠም፤ አለዚያም አንጓውን በሙሉ በብረት አጣብቆ ማድረቅ።

«ለቫዮሊን ደጋንዎ ሲሉ የሚታጠፍ ነገር እናስተርፍልዎ» አሏቸው።

«ሰው የሚያነሣው የትኛው ነው?»

«የደረቀው። ግን ከዚያ በኋላ አይታጠፍም።»

«እንግዲያው ያድርቁልኝ። ጉንቮር ከቫዮሊን ትከብዳለች።»

በ2005 ደረቀ፤ ሕመሙም ጠፋ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እናቴን ያነሡት በዚያ እጅ ነው። ቫዮሊኑንም አልሸጡትም። ጎን ለጎን ይቀመጡና የአባቴ ግራ እጅ አውታሩን ይጫን፣ የእናቴ ቀኝ እጅ ደጋኑን ይስብ ነበር። ጎረቤታችን አቶ ስቱሬ «ድመቷን ልቀቋት!» እያሉ ከአጥር ማዶ ይጮኹ ነበር።

አቶ ሄልጌ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲረዱ ቆይተው ኖቬምበር 9 ቀን 2023 በተወለዱ በ77 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውንና አንድ ልጃቸውን ትተው አልፈዋል።

አሁን በሽኝታቸው ላይ እናቴ ደጋኑን ይስባሉ። አውታሩን የሚጫን ጣት የለም፤ እንዲሁ የባዶውን አውታር ድምፅ ስሙላቸው። እርሳቸው ሚስታቸውን በየማለዳው እንዳነሡ፣ እግዚአብሔርም ነፍሳቸውን በክንዱ ያንሣ። አሜን።