ጠዋት ተሂዶ ማታ የሚመጣበት ባሕር

ልጄ ሱሀይላ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ ያለሽበትን አገር ሰላም ያርግልሽ።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጉልበቴ ግን የደሴን ዳገት እንቢ ብሎኛል። ኮምቦልቻ እህትሽ ፋኢዛ ዘንድ ወርጄ፣ ሳምንት ቆላውን ሞቄ ተመለስኩ። የላክሽውን ፎቶ አሳጥባ ሰጠችኝ። ከባሕሩ ዳር ቁጭ ብለሽ በወረቀት የተጠቀለለ ዓሣ ትበያለሽ፤ ከኋላሽ የእንግሊዝ ልጆች አሸዋው ላይ አህያ ይጋልባሉ። አባትሽ «ጭነት የሌለው አህያ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ውሃውን ሲያይ ቆየ።

ወንድምሽ ሀፊዝ በጅቡቲ በኩል ጀልባ ከተሳፈረ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ድምፁም የለም። እኛ ቤት የባሕር ስም አይነሳም። ሰው ለጨዋታ ብሎ ጠዋት ሄዶ ማታ ከባሕር እንደሚመለስ ገና ካንቺ ሰማሁ።

አልከለክልሽም ልጄ፣ ሂጂ፣ ተጫወቺ። መጠበቅ ደክሞኝ ነው እንጂ አልተቆጣሁም። ብቻ ስትመለሺ «ቤት ገብቻለሁ» በይኝ። ፎቶሽ ከመጣ ጀምሮ አባትሽ በየቀኑ «ተመለሰች ወይ?» ይለኛል። «አዎ» ስለው፣ «ማን ነገረሽ?» ይላል።

አላህ በሰላም ያስገባሽ።

እናትሽ ሳፊያ