የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ መምህር የት ነው?

ጥር 14፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡00

ሦስተኛ የዩኒፎርም ቀሚስ። እጅጌው ጠቧል፣ እንደገና መተርተር ነው። ብርዱ ጣቴን አደንዝዞት መርፌው ሁለቴ ወጋኝ። ልጄ ሃያት ገና በጠዋቱ ከት/ቤት ተመልሳ በር ላይ ቆማለች። ምነው ስላት፣ ሒሳብ ነው፣ መምህር የለም። ዛሬ ብቻ እንዳይመስልሽ ደብተሬ። ከኅዳር ጀምሮ! 8ኛ ክፍል ናት። ሰኔ ላይ የክልል ፈተና አለባት።

ከሰዓት። የቦርሳዋን ማንገቻ ስጠግን አራት ጉርድ ፎቶ አገኘሁ። ቅዳሜ መካነ ሰላም ወርዳ ነው የተነሳችው። ሪያድ ያለችው እህቴ፣ ፈተናውን ከወደቀች ወደ እኔ ላኪያት፣ ዕድሜዋን ከፍ አድርጎ ፓስፖርት የሚያወጣ ሰው አለ ብላለች። ፓስፖርቱ ለእኔ ሳይሆን ለልጅቷ! ስድስት ዓመት እዚያው የሰው ወለል የወለወልኩት እኔ እበቃለሁ። ፎቶውን ቦታው መለስኩት። ፈራሁ፣ በቃ።

ጥር 16፣ ሐሙስ

የወላጆች ስብሰባ። ለ2፡30 ተጠርተን 4፡15 ተጀመረ። በር ላይ የመገኘት ወረቀት፦ ስም፣ ፊርማ። ፈረምኩ። ር/መምህሩ ሪፖርት ያነባል። ሁሉም ነገር አመርቂ ነው። እጄን አወጣሁ፣ የሒሳብ መምህሩስ? ጥሩ አስተያየት ነው፣ እንደ ግብዓት ወስደነዋል አለ። ግብዓት! ባዶ ሰሌዳ ሲያዩ የከረሙ ልጆች ግብዓት ሆኑለት። ጎረቤቴ የሻረግ (ልጇ ከሃያት ጋር አንድ ዴስክ ነው የምትቀመጠው) ክንዴን ይዛ፣ አብሽሪ፣ አምላክ ያውቃል ትለኛለች። አምላክማ ያውቃል። ያላወቀው ር/መምህሩ ነው።

ጥር 20፣ ሰኞ

ወረዳ ት/ጽ/ቤት። ኃላፊው የለም፣ ስብሰባ። ዕቅድና ሪፖርት ክፍል ጠይቂ አሉኝ። በሩን ከፈትኩ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሒሳብ መምህሩ! ጋቢውን ደርቦ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። ከኅዳር ጀምሮ ለሪፖርት ሥራ በትውስት ተወስዶ። እኛ ታሞ ይሆን ስንል፣ እሱ ከት/ቤቱ አሥር ደቂቃ መንገድ ላይ።

ምን እንደሚጽፍ ጠየቅኩት። አቀረቀረ። የወረዳውን የትምህርት ሽፋን ነው። የእኛ ት/ቤት፣ 8ኛ ክፍል፣ ሒሳብ፦ መቶ በመቶ። ያላስተማረውን ተምረዋል ብሎ የሚጽፈው እሱ ራሱ! ሱብሃነላህ።

ማስረጃ ብሎ ቃለ ጉባኤውን አሳየኝ። ወላጆች በመማር ማስተማሩ መርካታቸውን አረጋግጠዋል ይላል። ከኋላው የሐሙሱ ወረቀት ተያይዟል። አራተኛው መስመር ላይ የእኔ ፊርማ። መገኘቴን ፈረምኩ እንጂ መርካቴን መቼ ፈረምኩ? ሪያድ በማላነበው ዓረብኛ ስፈርም ኖሬ፣ አገሬ ገብቼ በገዛ ቋንቋዬ ተሸወድኩ። እሳት ጎረስኩ።

ልሰድበው ስል የሱ ፊት ከእኔ ብሶ አገኘሁት። ሦስት ጊዜ ወደ ክፍሌ መልሱኝ ብሎ አመልክቷል። መጀመሪያ ሪፖርቱን ጨርስ ይሉታል፤ ሪፖርቱ ደግሞ አያልቅም። ልጆቹ የት ደረሱ አለኝ። እርስዎ የተዉበት ቦታ አልኩት። አዘንኩለት። አዝኜም ንዴቴ አልበረደም።

ጥር 21፣ ማክሰኞ

ኃላፊውን አገኘሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ቅሬታሽን ጽፈሽ ሳጥን ውስጥ ክተቺ አለኝ። የሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው? ሥልጠና የሄደ ሰው ጋ። መቼ ይመለሳል? አይታወቅም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ቤት ስገባ ሃያት አክስቷን በስልክ እያወራች ነበር። ስታየኝ ዘጋችው። አልተቆጣኋትም። ቁጣዬን ት/ጽ/ቤት ጨርሼው መጣሁ።

ለየሻረግ ሁሉንም ነገርኳት። ብዙ አላሰበችም። "ጸበሉ ቤት ድረስ አይመጣም እኮ እቴ፤ ታማሚው ነው የሚሄድ።" ነገሩ ቆይቶ ገባኝ። ሁለታችንም ተነሳን። እሷ በላይ ሰፈር፣ እኔ በታች ሰፈር፣ የ8ኛ ክፍል ልጆች ያሉበትን ቤት ሁሉ አዳረስነው።

ጥር 23፣ ሐሙስ፣ 4፡10፣ የት/ጽ/ቤቱ ግቢ

ሣሩ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ሐሙስ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው። ሃያ ስድስት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ አምስት እናቶች ከኋላቸው። ጥበቃው ስብሰባ መስሎት አስገባን።

መምህሩ በመስኮት አየን። መጋረጃው ተመለሰ። አይወጣም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ወጣ። ጠመኔ ይዟል! ከየት እንዳመጣው እንጃ። የግምጃ ቤቱን የብረት በር ሰሌዳ አደረገው።

ኃላፊው እየሮጠ መጣ። ይሄ ቢሮ ነው፣ ት/ቤት አይደለም እያለ ይጮሃል። የሻረግ ነጠላዋን አስተካክላ፣ "እሱን ነው እኛም የምንል ጌታው" አለችው። መምህሩ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ይጽፋል።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ሃያት ናት። አልገባኝም፣ ይድገሙልን አለች። መምህሩ ደመሰሰና ከመጀመሪያው ጀመረላት። ልጄ ሁለት ወር ሙሉ አልገባኝም የምትለው ሰው አጥታ ነው የከረመችው። አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።

ኃላፊው ስልክ እየደወለ ነው። ይደውል። ማክሰኞም እንመጣለን፣ ሐሙስም። ጥበቃው ወደ እኔ እየመጣ ነው፣ ልነሳ