ምን ጎደለባችሁ?

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፩

ማመልከቻዬን ሰጠሁ። «ችግረኛ ነኝ» ከሚለው ቃል ስደርስ ሁለት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። የቄስ ልጅ ሆኖ ይህን በገዛ እጅ መጻፍ ጥርስ ከማስነቀል አይተናነስም።

ኮሌጁ ለችግረኛ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጎማ አለ፤ የቤት ኪራይና ምግብ ይችላል። እሱን ካላገኘሁ የነርስነት ትምህርቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ ቁስቋም ያለችውን ክፍሌን አስረክቤ ወደ አገሬ መግባት ነው። አባባ ዘንድሮ የሚልክልኝ የለውም፤ እህሉን በረዶ መታበት።

የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ አቶ ግዛው ማመልከቻዬን አንብበው፣ «ነገ ሕዝቡ ለሚካኤል ስለሚሰበሰብ የክትባቱ ማኪና ወደ አገርሽ ወደ ማክሰኝት ይወርዳል። አብሬ ሄጄ የቤተሰብሽን ኑሮ አያለሁ» አሉኝ። ጥሩ፤ ይዩ። ቤታችንን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ጣራው ራሱ ይመሰክራል።

ለዘይነባ ነገርኳት። የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ አባቷ እዚሁ ከተማ፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ጨርቅ ይነግዳሉ። «እንግዲያስ አባትሽ አንድ ጊዜ ያልቅሱለት» ብላ ሳቀችብኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ሚካኤል

ወይኔ! ቅዳሴ ቆሜ ነው ትዝ ያለኝ። የዘንድሮው የሚካኤል ጽዋ ተራ የአባባ ነው!

ማኅበሩ በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። የኅዳር ሚካኤል የደረሰው ሰው ግን አገር ሙሉ ነው የሚያበላው። የለኝም አይባልም፤ ተበድሮም ቢሆን ይደገሳል። እናቴ ጌሾውን ከጎረቤት፣ ገብሱን ከአክስቴ፣ ጋኑን ከቤተ ክርስቲያን ለምና እንደጠመቀች ሳላይ አውቃለሁ። ድህነታችንን ሊመረምር የሄደው ሰው ዛሬ ሲገባ የሚያየው ይኼ ነው፦ በጋን የቆመ ጠላ። የዳቦ ቁልል። የዶሮ ወጥ። ጠግበው የሚመርቁ ሽማግሌዎች። ነጭ ጥምጥሙን የጠመጠመ አባባ፣ «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» ሲል።

ሚካኤልን ተቀየምኩት። ከዚያ ደነገጥኩና ይቅር በለኝ አልኩት። እሱ ምን ያድርግ፤ ቀኑ ነው።

ምናልባት አባባ «ብድር ነው» ይላቸው ይሆናል። ይላል? አይልም።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፫

አቶ ግዛው ተመልሰዋል። ፊታቸው ወዝቷል።

«አባትሽ ምን ያሉ ደግ ሰው ናቸው! እንዲያ ያለ ጠላ ሳልቀምስ ነው የኖርኩት።»

«ምን ብለው ጻፉ ታዲያ?»

«ምን ጎደለባችሁ ብዬ በግልጽ ጠየቅኳቸው። 'ምን ይጎድላል፣ ተመስገን፣ ሞልቶናል' አሉኝ። እሱኑ ጻፍኩ።»

እንደ ዛሬ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። «እርስዎም እኮ የጎጃም ሰው ነዎት! 'ተመስገን ሞልቶናል' ምን ማለት እንደሆነ ያጡታል?» አልኳቸው። አፈሩ። «አላጣሁትም» አሉ፤ «ግን ጻፍ የተባልኩት የማውቀውን ሳይሆን የሰማሁትን ነው።»

ድጎማውን የሚወስነው ኮሚቴ ሰብሳቢ ፈረንጅ ዶክተር ናቸው። «ተመስገን» በእንግሊዝኛ ምን ሆኖ እንደሚደርሳቸው እግዜር ይወቅ። «ሞልቶናል» ግን በየትም አገር ሞልቶናል ነው።

ይኼ እንዳይበቃኝ በዚያው ማኪና ጎረቤታችን አያ ደሴ መጥቷል። «ምነው ፊትሽ ጠቆረ? አባትሽ ለቅዳሜ ቦራን ማክሰኝት ገበያ ያወጣዋል። የኪራይ ነገር እንዳታስቢ ብሎሻል» አለኝ። ቦራ ያለን አንድ በሬ ነው። ከአያ ደሴ በሬ ጋር ተጠምዶ ነው የሚያርስልን። እሱ ከተሸጠ የከርሞም እርሻ የለም ማለት ነው። አያ ደሴም አላጣውም፤ «እንግዲህ የእኔውም በሬ ፈት ሆኖ መቅረቱ ነው» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ደረቅ ነው።

ኮሚቴው ዓርብ ይሰበሰባል፣ ውጤቱ ሳይታወቅ እንዳይሸጥ ንገርልኝ ብዬ ብለምነው «እኔ ለክስ ነው የመጣሁ፣ እስከ እሑድ አልመለስም» አለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፬

አቶ ግዛው ነገ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ራሴ እንድናገር ስሜን አስገቡልኝ። ሕሊናቸው ሳይቆረቁራቸው አልቀረም።

ዘይነባ ከክፍል በኋላ የነገሥታቱ ግንብ ሥር አስቀምጣ አሠለጠነችኝ። ድምፅዋን አወፍራ ዶክተሩን ሆነች።

«ምን ጎደለሽ?»

«ኧረ ምንም…»

«ተበላሸ! እንደገና። ዐይኔን እያየሽ 'ብዙ ነገር ጎድሎኛል' በይ።»

አልወጣ አለኝ። እሷ ትስቃለች። «እኛ ቤት እኮ ጎደለ ካልተባለ ሒሳቡ አይስተካከልም። ምንድን ነው ነውሩ?»

ምንድን ነው ነውሩ? እኔስ ምን አውቄ። ሰው ቤት ስንሄድ እናቴ በዐይኗ ስትጠቅሰኝ «በልቻለሁ» እያልኩ ነው ያደግሁት።

በመጨረሻ አንድ ጊዜ አልኩት። አጨበጨበችልኝ። ወዲያው «ምሳ በልተሻል?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። አልበላሁም ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፭

ተፈቀደልኝ!

ዛሬ የነቢያት ጾም ገባ። ለእኔስ ከገባ ሰነበተ። ኮሚቴው በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። ዶክተሩ የአባባን ቃል አንብበው ቀና አሉ። ዐይናቸው ደግ ነው። የጠየቁኝን አቶ ግዛው ተረጎሙልኝ፦ «ምን ጎደለሽ?»

ተዘጋጅቻለሁ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን፣ «ምንም አልጎደለኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! አቶ ግዛው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ዶክተሩ ግራ ገብቷቸው ወረቀቴን ወደ ጎን ሊያደርጉት ሲሉ ሲስተር ለተብርሃን እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ጫኑ። የነርሶች አለቃ ናቸው፤ የአሥመራ ሰው፤ ተማሪ ሁሉ የሚፈራቸው።

«ትናንት ማታ ምን በላሽ?» አሉኝ።

ለዚህኛው አልተለማመድኩም። «ቆሎ» አልኩ።

«ከትናንት ወዲያስ?»

«ቆሎ።»

«እሑድስ?»

«እሑድ ሽሮ። የቤት አከራዬ ሰጥታኝ።»

ያኔ ነው ያልኩት የገባኝ፤ ፊቴ ጋለ። ሲስተር ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን እያሳዩ ለዶክተሩ በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ነገሯቸው፤ ማኅበር፣ ጽዋ፣ ብድር ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔም የቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ በረኃብ ቢሞት እንኳ 'ጠገብኩ' ብሎ ነው የሚሞተው» አሉኝ።

ዶክተሩ በራሳቸው እጅ ፈረሙ። ለአቶ ግዛውም፣ ከእንግዲህ ምን ጎደላችሁ ብለው ሳይሆን ምን በላችሁ ብለው እንዲጠይቁ አዘዟቸው። «በጽዋ ቀን ግን አይደለም» አሉ አቶ ግዛው ቀስ ብለው። ይህን የተረጎመ የለም።

ዘይነባ በር ላይ ሆና ሁሉን ሰምታለች። ታቅፈኛለች ስል ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ቆሎ?» አለች። «ቆሎ?» ከዚያ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

አሁን የቀረው ቦራ ነው። ነገ በማለዳ እወርዳለሁ። እባክህ ሚካኤል፣ ገበያው ሳይሞቅ አድርሰኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፮፣ አገር ቤት

የዘይነባ አባት ዕቃቸውን በሚጭኑበት ማኪና ላይ አስቀመጡኝ። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ስንደርስ ገበያው ሞቋል።

ቦራን በግንባሩ ንጣት ከሩቅ ለየሁት። አንድ ነጋዴ አፉን ከፍቶ ጥርሱን እያየ ነው። «አባባ! አይሸጥም!» ብዬ ጮህኩ፤ ገበያው ሁሉ ዞረ። ነጋዴው «ቄሴ፣ የበሬው ባለቤት ልጅዎ ናት እንዴ?» አለ። አባባ ፊቴን አየና ገመዱን ከሰውየው እጅ ተቀበለ። «እሷ ናት» አለ።

ዳር ላይ ተቀምጠን ሁሉን ነገርኩት። አማተበ። ደስታዬ ሲበርድ ግን የሳምንቱ ንዴት ተመለሰብኝ። «ምነው ሞልቶናል አልካቸው? ልታጠፋኝ ነበር እኮ!»

«እንግዳ መስሎኝ ነዋ» አለ። «ደጄ ለቆመ እንግዳ ጎደለኝ ልበለው?»

ወደ እኔ ዞሮ፣ «እውነት ቆሎ ነው የምትበይ?» አለኝ።

መሬት መሬት አየሁ።

«በመጣሽ ቁጥር ምን ጎደለሽ ስልሽ 'ሞልቶኛል አባባ' ትይኝ አልነበር?»

አባባ ጥምጥሙን ፈቶ እንደገና ጠመጠመው። ደህና ተጠምጥሞ ነበር። ከዚያ ቦራን እየነዳን አገር ገባን።

የእናቴ እልልታ አላባራም። የምስር ወጥ አቀረበችልኝ። በላሁ፣ ደገምኩ። «ጠግቤያለሁ» ብዬ እጄን ስሰበስብ አባባ ቀና ብሎ አየኝ። «ጨምሪላት» አላት።

አላመነኝም። ዛሬ ግን እውነቴን ነበር።