የእግሬን ጣት ሳልነካ

ጥቅምት 4
ዛሬም ስድስት ቀሚስ ተቀበልኩ። አራቱ ይጥበብልኝ፣ ሁለቱ ይስፋልኝ። ከልብስ ስፌት ሱቄ ስወጣ ሄጄ ተመዘገብኩ። የዮጋ አስተማሪነት ሥልጠና፣ ሦስት ወር። በአርባ ስምንት ዓመቴ! ለታላቅ እህቴ ስነግራት ሳቋን ማቆም አቃታት። «የወደቀ መርፌ ጎንበስ ብለሽ ማንሳት እያቃተሽ ማንን ልታጥፊ ነው?» እውነቷን እኮ ነው... ሁለት ዓመት ዮጋ ሠርቼ የእግሬን ጣት ነክቼ አላውቅም። መጨረሻ ላይ ፈተና አለ። ከወደቅኩ እትዬ ዕድሜ ልኳን መሳቂያ አገኘች።

ጥቅምት 9
ቀጫጭን ልጆች፣ ዝምታ፣ ሻማ ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ነርስ፣ እና የአጥንት ስም። ሁለት መቶ ስድስት አጥንት! ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው የምዞረው?

ጥቅምት 21
የልብ እርጋታም አብሮ የሚታደል መስሎኝ ነበር። ነርሷ ቦታዬ ላይ ምንጣፏን ዘርግታ ጠበቀችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ በረጅሙ እየተነፈስኩ፣ በሆዴ ስረግማት አረፈድኩ። ነፍሰ ጡር ሴት...

ኅዳር 12
ክፍሉን የመምራት ተራ ደረሰኝ። ቀኝ እግራቸውን አሠራሁ፣ ግራውን ረሳሁት። በቀጥታ በጀርባቸው አስተኛኋቸው። የሒሳብ መምህሩ እንደተኙ ቀስ ብለው «የግራው ለነገ ነው?» አሉ። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ።

ኅዳር 13
ልተወው ይሆን? አሰልጣኛችን ልጄ መሆን የምትችል ወጣት ናት። የእግሬን ጣት እንደማልነካ ነገርኳት። ምንም አልመሰላት። በሚቀጥለው ሳምንት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በአፌ ብቻ እንዳስተምር አዘዘችኝ። «ራስዎን እያሳዩ ሰው ማየት አይችሉም» አለች።

ኅዳር 20
ተቀመጥኩ። እስከዛሬ እንዴት አላየሁም? የነርሷ ግራ ትከሻ ዝቅ ይላል። መምህሩ ሲጨንቃቸው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ስለካ ኖሬ፣ ዓይኔን ሱቅ ውስጥ ትቼው ነበር የምመጣው።

ታኅሣሥ 27
ነገ ፈተና። ዮጋ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ይዛችሁ ኑ ተብለናል። እትዬ እመጣለሁ አለች። ለመሳቅ ነው።

ታኅሣሥ 28
የመምራት ተራዬ ደርሶ ሌሎቹን ምንጣፍ ላይ ሳስተኛ እትዬ ጥግ ላይ ቆማ ቀረች። ምንጣፉን እንደ ጉድጓድ ታየዋለች። ጠጋ አልኳት።
«ከወረድኩ አልነሳም» አለችኝ በጆሮዬ።
ባለፈው ዓመት መታጠቢያ ቤት ወድቃ ነበር። ለካ ሰው እስኪደርስላት ሁለት ሰዓት ሙሉ ወለሉ ላይ ቆይታለች። ለእኔ አንሸራተተኝ ብላ ብቻ ነበር የነገረችኝ...

ዕቅዴን ተውኩት። ወንበር አመጣሁ። እጇ ወንበሩ ላይ፣ አንድ ጉልበት፣ ከዚያ ሌላው። ወረደች። በጎኗ ዞረች፣ ተንበረከከች፣ ወንበሩን ተደግፋ ተነሳች። ላቧ ጠብ ጠብ ይላል። «ቆይ፣ ደግሞ ልሞክር» አለች። ሦስት ጊዜ ወርዳ ሦስት ጊዜ ተነሳች። የመጨረሻውን ያለ ወንበር። ክፍሉ ሁሉ ተኝቶ ይጠብቀናል። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ታኅሣሥ 29
ጠዋት አሰልጣኟ ደወለች። «የምስክር ወረቀትዎን ጠረጴዛ ላይ ጥለው ሄዱ እኮ» አለች። ለካ ማለፍ አለማለፌን እንኳ ሳልጠይቅ ነው ከእትዬ ጋር እየተሳሳቅን የወጣነው።