ታንኩ ውስጥ የጨመርኩት ጤፍ

ጌታሁን፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ዘጠኝ ዓመት ሞላ። ይህን ነገር መቃብርህ ድረስ መጥቼ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ከቤት ወጥቼ ሦስቴም ከመንገድ ተመልሻለሁ። ስልሳ ተማሪ ፊት ቆሜ ስለፈልፍ የምውለው ሴትዮ አንድ ነገር መናገር አቃተኝ። አፌ እንቢ ሲለኝ በወረቀት መጣሁ።

በፊት የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሸዋ ሮቢት ባጃጅ በባጃጅ ሆናለች። የተከልከው ማንጎ አጥሩን ተሻግሮ ለጎረቤት ማፍራት ከጀመረ ቆየ። ሙቀቱ ያው ነው፤ እኔም ያው እንደተነጫነጭኩ አለሁ። ልጃችን ሕይወት ግን ያኔ ትተሃት የሄድካት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አይደለችም። የእንስሳት ጤና ተምራ ተመረቀችና እዚሁ ቀወት ወረዳ ተመደበች፤ ያንተው ሥራ፣ ያንተው ቀበሌዎች። የክትባት ሳጥኗን አንግታ በእግሯ ነው የምትዞረው። ፍየሎቻቸውን የከተብክላቸው ገበሬዎች በስሟ አይጠሯትም፣ የጌታሁን ልጅ ነው የሚሏት።

ባለፈው ወር ጓሮ ገብታ ቀይዋን ሞተርህን ከሸራው ሥር ጎትታ አወጣቻት። መቀመጫዋን አይጥ በልቶታል፣ ጎማዎቿ ተንፍሰው መሬት ይዘዋል። «መሥሪያ ቤቱ መጓጓዣ እስኪሰጠኝ አልጠብቅም፣ የአባቴን አስነሳለሁ» አለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ያቺ ሞተር ለምን እንደቆመች ከእኔ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

እንግዲህ ልናገር። የሥራ ባልደረባህ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ በጉም ከነሞተሩ ገደል የገባ ሰሞን ነው። ከቀብሩ በተመለስን ማግስት አንተ ምንም እንዳልተፈጠረ ሞተርህን አስነስተህ ወጣህ። እፈራለሁ ልልህ ፈልጌ ነበር። እናቴ ግን ያሳደገችኝ ክፉ ነገር ስሙ ከተጠራ ደጅ ይቆማል እያለች ነው። ትሞትብኛለህ ማለት ሟርት መሰለኝ። ስለዚህ በሌላ በሌላው ጨቀጨቅሁህ፤ በጭሱ፣ በጩኸቱ፣ ዘይት በነካው ሱሪህ። አንተ ትስቅ ነበር።

እሑድ እሑድ ካርቡሬተሯን ፈታተህ ስታጥብ አጠገብህ መቀመጥ እወድ እንደነበር ታውቃለህ። አንድ ቀን ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀጭን ቀዳዳ ወደ ፀሐይ ይዘህ «ይህችን አንዲት ጉድፍ ከዘጋቻት ይህ ሁሉ ብረት ከንቱ ነው» አልከኝ። ሰማሁ፤ ሰምቼም ያዝኩት። በሚቀጥለው እሑድ አንተ ከቤተ ክርስቲያን ሳትመለስ ከጆንያው አንድ እፍኝ ጤፍ ዘግኜ ቤንዚን ታንኩ ውስጥ ጨመርኩት። ጤፍ የመረጥኩት ከእሱ የሚያንስ እህል ስለሌለ ነው።

እንዳሰብኩትም ሆነ። ሞተሯ ገበያው ጋ ሳትደርስ ታስልና ቀጥ ትላለች። አጠብካት፣ ገጠምካት፣ አሁንም ቆመች። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ አይዞህ እልህ ነበር። በሦስተኛው እሑድ ካርቡሬተሩ አርጅቷል፣ መለዋወጫም የለውም ብለህ ሸራ አለበስካት። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዶሮ ሠራሁልህ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ በኋላ በእግርህ ሆነ። ድሮ ቆላ ወርደህ ማታውን ትመለስ የነበርከው ሰውዬ እዚያው ማደር ጀመርክ። መስከረም ላይ አራት ቀን ቆይተህ ትኩሳት ይዘህ መጣህ፤ ሆስፒታል ስናደርስህ ወባው ጭንቅላትህ ላይ ወጥቷል ተባለ። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ወባ ገደለው ሲል እኔም አዎ አልኩ። ከገደል አስጥዬ ለትንኝ እንደሰጠሁህ ለማንም አልተነፈስኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ለልጆች የማስተምረው እኔው ነኝ።

ሕይወት ከካራቆሬ ሰይድ የሚባል መካኒክ አመጣች። ግቢያችን ውስጥ ሲፈታታት ከአጠገቡ አልራቅሁም፤ ጤፉ ሲወጣ አይጥ ነው የከተተው ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር። ታንኩን ገለበጠው። የከረፋ ቢጫ ቤንዚን ወጣ እንጂ አንዲት ፍሬ አልወጣችም። ካርቡሬተሩን ሲከፍተው የድሮው ቤንዚን ደርቆ ሙጫ ሆኗል። በሽቦ ጠረገ፣ አጠበ፣ በአፉ ነፋ። ከዚያ ከታንኩ መውጫ ላይ አንድ ነገር በጉጠት ስቦ አወጣና በመዳፉ አሳየኝ፤ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ የሻይ ማጥለያ ወንፊት ነበር። አጠፋሽው ብዬ ሕይወትን የገረፍኩበት ማጥለያ።

«እትዬ አስቴር፣ ወላሂ ባለቤትዎ እጀ ብልህ ነበሩ» አለኝ። «ታንኩን አጥበው፣ ማጣሪያ ገጥመውለት ነው ያቆሟት። ደህና ሞተር ነው የቆመው። አሁን ያስቸገረን ቤንዚኑ ሳይወጣ መቆየቱ ብቻ ነው።»

ታውቅ ነበር ማለት ነው። ጤፉን አይተሃል፣ የማን እጅ እንደሆነም ገብቶሃል፣ ለምን እንደሆነም። ሠርተህ ጨርሰህ፣ እኔን ላለማሳፈር አርጅታለች ብለህ ዋሸህልኝ። ያን ሁሉ ፀሐይ በእግርህ የሄድከው ለእኔ ፍርሃት ብለህ ነው። ጌታሁኔ፣ ይህን ካወቅሁ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። ተናድጄብሃለሁም። ምን ነበረበት ጠርተህ «አንቺ ሴትዮ፣ ይህ ምንድነው?» ብትለኝ? አልቅሼ፣ እግርህ ላይ ወድቄ፣ ሂድ እልህ ነበር። ምናልባትም አልልህም ነበር። ይህን እንኳ እንዳላውቅ አድርገኸኛል።

ሞተሯ በስድስተኛው ርግጫ ተነሳች። ሕይወት እየሳቀች ግቢውን ስትዞር እኔ ቤት ገብቼ ተደበቅሁ። ማታ ራት ላይ ሁሉንም ነገርኳት። የያዘችውን ጉርሻ አስቀምጣ ተነሳች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ ይገባኛል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሄልሜቷን አድርጋ ሞተሯን ስታስነሳ በሩ ድረስ ተከትያት ወጣሁ። ምላሴ የለመደውን ፈለገ፤ ጫማሽ አልተወለወለም፣ ቁርስ አልበላሽም ልል ነበር። ዋጥኩት። «እፈራለሁ» አልኳት፤ «እንዳትሞቺብኝ እፈራለሁ።» ከአፌ ሲወጣ ሰማይ የሚደፋብኝ መስሎኝ ነበር። አልተደፋም። ሞተሯን አጥፍታ ወረደችና «ምኑን ነው የምትፈሪው እማዬ?» አለችኝ። ከባድ መኪናውን፣ ጉሙን፣ ትንኙን፣ አንድ በአንድ ነገርኳት። ጉም ባለበት እንደማትወጣ፣ ካደረችም አጎበር እንደምትይዝ ነገረችኝ። ከዚያ ሄደች። ቀኑን ሙሉ ጠመኔ ይዤ በክፍሉ መስኮት መንገዱን ሳይ ዋልኩ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አቧራ ለብሳ ገባች።

ከእንግዲህ ሰው ስለ አሟሟትህ ሲጠይቀኝ ወባ ብቻ ብዬ አላልፍም፤ የሠራሁትንም፣ የሸፈንክልኝንም እናገራለሁ። ጧፉንም ዝክሩንም አላስታጉልብህም። ከዚያ በላይ ግን ሕይወት ከዚህ በር በወጣች ቁጥር ላንተ ያልነገርኩህን ለእሷ እየነገርኩ ሳስብህ እኖራለሁ።

ባለቤትህ አስቴር