መድኃኒቱ ወህኒ ቤት ነው

ኅዳር 5 ቀን 1988
ጠዋት ቢሮውን ጠረግሁ። የክልሉ ስም ያለበት ሰሌዳ እንደገና ተቀብቷል፤ በዚህ ዓመት ሁለተኛው ነው። ከቅርጫቱ ውስጥ ጀርባቸው ነጭ የሆነ አሥራ ሁለት ወረቀቶች አገኘሁ። ይኸው እየጻፍኩባቸው ነው። ፊደል የለየሁት ባለሱቋ ጎረቤቴ ሰውዳ ስኳር ከምትጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ማንም አላስተማረኝም።

ወንድሜ ወንዳፈረው ከወህኒ ቤት ከወጣ አንድ ወር ሆነው። ሰው ፈንክቶ ሦስት ዓመት ተፈርዶበት ነበር። ለጎረቤት ግን፣ ዲማ ሄዶ ወርቅ ሲቆፍር ነበር ብያለሁ። ወርቁስ የት አለ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከዲማ ባዶ እጁን የሚመለስ ብዙ ነው።

ጠዋት ጠዋት አረቄ ይጠጣል። ማታም።

ኅዳር 8
ከግድግዳው ጀርባ ሰው ያወራል አለኝ። ወጥቼ አየሁ። የበቆሎ አገዳ ብቻ...

ኅዳር 11
ከቢሮ ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ምክንያቴን አልጠየቁኝም። ወንዳፈረውን ቤት አስገብቼ ከውጭ ቆለፍኩበት። "እትዬ፣ ክፈቺ" አለ፣ ሁለት ጊዜ። ሦስት ቀን ካልቀመሰ ይረሳዋል ብዬ ነው። ማንን ልጠይቅ?

ኅዳር 13
ይንቀጠቀጣል። ላቡ ፍራሹን አርሶታል። ወባ ነው አልኩ። እዚህ አገር የተንቀጠቀጠ ሁሉ ወባ ነው።

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ኛታንግ ትባላለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቷ ቶሎ የማይፈታ። የት ከርሞ ነው የመጣው አለች። ዲማ አልኩ። ወንዳፈረው ቀና ብሎ አየኝ። ደሙ ውስጥ ወባ አልተገኘም። ዲማ የከረመ ሰው ግን መቼም አያጣውም ብላ ክሎሮኪን ሰጠችው።

ዋሸሁ እንዴ? ለጎረቤት ያልኩትን ነው የደገምኩት።

ኅዳር 14
ቁርስ ሳቀርብለት ወደቀ። ዓይኑ ተገለበጠ። ጥርሱ ገጠመ። የሰውዳ ባል በጋሪ አደረሰን።

ኛታንግ መርፌ ወጋችው። ሲረጋጋ ወደ እኔ ዞረች።

"ስንት ይጠጣል? መቼ ነው የተወው?"

ደግማ ጠየቀች። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ወህኒ ቤቱን። አረቄውን። መቆለፌን።

አልገረማትም። "ከወህኒ የወጣ ሁሉ ዲማ ነበርኩ ይለኛል" አለች። "ዲማ ይሄን ሁሉ ሰው የት ነው የሚያስቀምጠው?"

ብዙ የሚጠጣን ሰው በአንድ ጊዜ መከልከል ሊገድለው እንደሚችል ነገረችኝ። የሚተወው በመድኃኒት ነው፣ ሐኪም እያየው ነው አለች። ትናንት እውነቱን ብነግራት ኖሮ እዚያው አስተኝታ ታክመው ነበር።

ልገድለው ነበር። ሲጻፍ ተራ ነገር ይመስላል።

ኅዳር 19
ዛሬ ከጤና ጣቢያ ወጣ። መንቀጥቀጡ ቆሟል። ከግድግዳው ጀርባ ያለው ድምፅ ግን አሁንም ይሰማዋል።

መንገድ ላይ ራሱ አወራኝ። ወህኒ ቤት ሳለ እስረኞቹን የሚያክመው ድሬሰር በየቀኑ አንድ ኪኒን ይሰጠው ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። እሱን ሲውጥ ድምፁ ይጠፋል። የተፈታ ቀን ብርድ ልብሱን መልስ አሉት፣ መለሰ። ኪኒኑም እዚያው ቀረ። አረቄ የጀመረው በወጣ በአራተኛው ቀን ነው፤ ድምፁን ለማስተኛት።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝም፣ እትዬ።"

እውነቱን ነው። ስለዚያ ቤት አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

ኅዳር 20
ኛታንግ ጋ ኪኒኑ የለም። ያላት የወባ፣ የተቅማጥ፣ የቁስል ነው።

ወህኒ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው መድኃኒቱ በእስረኛ ቁጥር እንደሚመጣ፣ ከግቢው እንደማይወጣ ነገረኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ከፈለገው ይመለሳ ብሎ ሳቀ።

ለወንዳፈረው ነገርኩት። እሱ አልሳቀም።

"ምን ብሰርቅ ነው ሁለት ወር የሚፈርዱብኝ?" አለ።

የቀለደ መሰለኝ።

ኅዳር 22
አልቀለደም።

ሰውዳ ቢሮ ድረስ ሰው ላከችብኝ። ሮጬ ሄድኩ። ወንዳፈረው ሱቋ በር ላይ፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጧል። እጁ ላይ የሻይ ብርጭቆ።

"እሙዬ፣ ይሄ ወንድምሽ ሌብነት አያውቅበትም" አለችኝ። ሳሙና አንስቶ በሩ ላይ ቆመ አለች። ሂድ ብትለው እምቢ። ፖሊስ ጥሪልኝ ይላታል።

"ስድስት ሳሙና ነው የወሰድኩት" አለ አንገቱን ደፍቶ።

"ሁለት ነው። አትጨምር።"

ፖሊስ አልጠራችም። ለምን መታሰር እንደፈለገ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ዲማ ያልሽኝ ይሄን ነው? አዎ አልኩ። ሳሙናዎቹን ወደ መደርደሪያ መለሰች። ለእሱ ሻይ ደገመችለት።

ቤት ስንገባ እንደገና እሞክራለሁ አለኝ። ሌላ ሱቅ። የማያውቀው ሰው ጋ...

ኅዳር 25
ለኛታንግ ነገርኳት። ጋውኗን አውልቃ ምስማር ላይ ሰቀለች። "ነይ" አለች። በዚያ ፀሐይ ወህኒ ቤት ድረስ በእግር ሄድን።

ድሬሰሩ ኦጅዋክ ይባላል። በዕድሜ የገፋ፣ መነጽሩን በክር ያሰረ። ወንዳፈረውን ያስታውሰዋል። እሷ ኑዌር፣ እሱ አኙዋክ፤ የተከራከሩት በአማርኛ ነው። ቃል ሲያጡ ሁለቱም ወደ እኔ ይዞራሉ፤ እኔ አቀብላቸዋለሁ። እንዲህ ብዙ የተናገርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ኪኒኑ ከግቢ አይወጣም አለ ኦጅዋክ፣ ሕግ ነው።

"ሰውዬው ግን በሩ ላይ ከመጣ በእጄ አውጠዋለሁ" አለ። "በሆዱ ይዞት ቢሄድ ማን ይፈትሸዋል?"

ኛታንግ ስትስቅ ዛሬ አየሁ።

በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ከጠጣ አይሰጠውም።

ኅዳር 26
አብሬው ሄድኩ። በሩ ጋ ስንደርስ ወንዳፈረው ቆመ። ዘበኛው በስሙ ጠራው። የዘበኛው እጅ በፍርግርጉ ወጣ፣ ውሃ ይዞ። ከዚያ የኦጅዋክ እጅ። ወንዳፈረው አፉን ከፍቶ አሳየ። ተመለስን።

ታኅሣሥ 4
ድምፁ ቀነሰ ይላል።

ታኅሣሥ 9
ትናንት ጠጥቶ ወደ ወህኒ ቤቱ ሄደ። ኦጅዋክ መለሰው። ሌሊቱን ሙሉ ከግድግዳው ጋር ሲያወራ አደረ። ጠዋት ኛታንግ ጋ ወሰድኩት፣ ቀኑን ሙሉ ስታየው ዋለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሳልቀሰቅሰው ተነስቶ ሄደ።

ታኅሣሥ 24
በሩ ላይ አሁን ሦስት ሆነዋል። ሁሉም የተፈቱ ናቸው። አንደኛው ከኢታንግ በእግሩ መጥቶ እዚህ ዘመድ ጋ ሰፍሯል አለኝ ወንዳፈረው። ቆመው ሲጠብቁ ስለ ዓሣ ያወራሉ።

ጥር 4
ዛሬ ቶሎ ተመለሰ። ኪኒኑ አልቋል። ለእስረኞቹ ብቻ ተሰልቶ የመጣ ነበር፣ እነሱ ተጨመሩበት። የሚቀጥለው መጋቢት ነው አሉ። ኦጅዋክ ይቅርታ ጠይቆታል።

"በአረቄ ቤቶቹ በኩል አልመጣሁም" አለኝ። "በወንዙ ዞሬ ነው።"

ድምፁ መጣ ወይ አልኩት።

"ገና ነው። ሲመጣ እነግርሻለሁ።"

ጥር 7
ሻሼን ሳስር "መጣ" አለኝ።

ምን ይላል አልኩት። ይህን ጠይቄው አላውቅም።

"ጠጣ ይላል።" ፈገግ አለ። "ትንሽ ነው፣ ሩቅ ነው። ግን መጥቷል።"

አብረን ኛታንግ ጋ ሄድን። ጅማ የአእምሮ ሐኪም ስላለ ወደዚያ የሚሄድ ወረቀት ጻፈችለት። ብዙ ጠየቀችው፤ ሁሉንም ራሱ መለሰ። የትኛው ወህኒ ቤት፣ ስንት ዓመት፣ በቀን ስንት መለኪያ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። አንዳንዱን እኔም አላውቀውም ነበር።

የሰውዳ ባል ነገ ጠዋት ለዕቃ በጭነት መኪና ጅማ ይሄዳል። ከጎኑ ያስቀምጠዋል።

ኛታንግ ወረቀቱን አጥፋ ስትዘረጋ እጄን ሰደድኩ። ወንዳፈረው ቀደመኝ። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው፣ ቆለፈው።

"የእኔ በሽታ ነው፣ እትዬ። እኔ ልያዘው።"

ጅማ ድረስ ልሸኝህ አልኩት።

"እስከ መኪናው" አለ።